ጂኦግራፊን ከደማም ሲጀምሩት

በነሐሴ ሌሊት ከቦሌ ተነሥቶ ደማም የደረሰ መንገደኛ ከኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ በር ብቅ ሲል መነጽሩ ወዲያው በእንፋሎት ይሸፈናል። ዓመቱን ሙሉ የሚጥለው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማያልፍ በረሃ እንዴት ይህን ያህል ይወብቃል? ለጂኦግራፊ ጀማሪ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ጥያቄ አላውቅም።

የሳዑዲ ዓረቢያ የወደብ ከተማ ደማም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 26 ዲግሪ ላይ ናት። ከምድር ወገብ አካባቢ ሞቆ ወደ ላይ የወጣ አየር ርጥበቱን በዝናብ አራግፎ፣ በዚህ ኬክሮስ አቅራቢያ ደርቆ ይወርዳል፤ የሚወርድ አየር ደግሞ ደመና አይሠራም። ሰሃራንም ዓረቢያንም በረሃ ያደረገው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ወበቁ የሚመጣው ከተማዋ ዳር ካለው ባሕረ ሰላጤ ነው። ጥልቀቱ በአማካይ 35 ሜትር ገደማ ስለሆነ በሙቀት ወራት ክፉኛ ይሞቃል፤ የሚተነው ውኃ አየሩን ያረጥበዋል እንጂ ዝናብ አይሆንም። ሻማል የሚሉት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነሣ ወበቁ ቀለል ይልና አቧራው ይተካል።

እኛ የአየር ንብረትን በከፍታ መለየት ለምደናል፦ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ የደማሙ አየር ማረፊያ 30 ሜትር እንኳ አይሞላም። የደማምን ድርቀትና ወበቅ ግን ከፍታ ብቻውን አያስረዳም።

ላይ ላዩን ቢለያዩም ኢትዮጵያና ሳዑዲ ከመሬት በታች ይዛመዳሉ። ዓረቢያ ከአፍሪካ መላቀቅ የጀመረችው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ስንጥቁ አፋር ላይ ዛሬም በዓይን ይታያል። እየራቀች ስትሄድ በሌላ ጫፏ ኢራንን ገፍታ የዛግሮስን ተራሮች አስነሣች፤ ከተራሮቹ ክብደት የተነሣ የረገበው መሬት ላይ ነው ሰላጤው የተኛው። ነዳጁ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ ጥንት በሞቃት ባሕር ወለል ላይ ከተከማቹ ደቃቅ ፍጥረታት የተገኘ ነው።

እዚህ ላይ ሰው ይገባል። በዕንቁና በዓሣ ይተዳደሩ የነበሩት ደማምና ጎረቤቷ ኮባር መልካቸው የተለወጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በአቅራቢያቸው ዳህራን ላይ ቁጥር 7 ጉድጓድ ለገበያ የሚበቃ ዘይት ካፈለቀ በኋላ ነው። በ1951 ባቡር ደማምን ከሪያድ ጋር አገናኘ፤ በ1986 ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ድልድይ ኮባርን ከባህሬን ጋር አያያዘ። በ1999 ለመንገደኞች የተከፈተው አየር ማረፊያ ይዞታው 776 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ሙሉዋን ብትገባበት ቦታ ይተርፈዋል። ይህን ያህል መሬት ለአንድ አየር ማረፊያ መመደብ የሚቻለው ገበሬ በማይነቀልበት በረሃ ነው።

የኛ ሰዎችም የዚህ ካርታ አካል ናቸው። መማሪያ መጻሕፍት ስደትን በገፊና በሳቢ ምክንያት ያስረዳሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ሥራው ቢስብም፣ ችግሩ ቢገፋም፣ መቆየትን የሚወስነው የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማ፣ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ የተመለሱት ዝናብም ነዳጅም ተለውጦ አይደለም።

የትምህርቱን ሁለት ክፍሎች፣ ተፈጥሮንና ሰውን፣ ለየብቻ ማስተማር ተማሪን የሚጎዳው ለዚህ ነው። የጂኦግራፊ ምሁሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 በገጠር ኢትዮጵያ የደረሰውን ረሃብ ሲያጠኑ ሁለቱን አልነጣጠሉም። ድርቅ ብቻውን ረሃብ አያመጣም፤ ገበሬውን አስቀድሞ ጥሪት አልባ ያደረገው የአገዛዙና የኑሮው ሥርዓት ነው ሲሉ ተከራከሩ።