አሸዋ ላይ የወደቀ ሜዱዛም ይነድፋል

በሰኔና በሐምሌ ሙቀት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ስትወርዱ፣ አሸዋው ላይ እንደ እንቁላል ነጭ የሚያብለጨልጭ ልፍስፍስ ነገር ወድቆ ታዩ ይሆናል። በጣና ሐይቅም ሆነ በወንዞቻችን ያላየነው ይህ ነገር በዕብራይስጥ ሜዱዛ የሚባል የባሕር እንስሳ ነው።

ሜዱዛ አጥንትም አንጎልም የለውም፤ ሰውነቱ በአብዛኛው ውኃ ነው። ሞገድን የሚቋቋም ጉልበት ስለሌለው ውኃው ወደ ወሰደው ይሄዳል፤ ማዕበልም ወደ ዳር ይተፋዋል። በእስራኤል ዳርቻ በብዛት የሚታየው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1869 በተከፈተው በስዊዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባሕር የገባ ነው።

ልብ በሉ! በክሮቹ ላይ ያሉት ጥቃቅን መርዘኛ መውጊያዎች እንስሳው ከሞተ በኋላም ይነድፋሉ። ስለዚህ ልጆቻችሁ በእጃቸውም በእግራቸውም እንዳይነኩት አስጠንቅቋቸው።

የተነደፈ ሰው ካለ ቦታውን በባሕር ውኃ እጠቡለት። በቧንቧ ውኃ አትጠቡት፣ በአሸዋም አትሹት፤ ቆዳው ላይ የቀሩት መውጊያዎች እንደገና መርዝ ይረጫሉና። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ፊቱ ካበጠ ግን ሳትዘገዩ በ101 ደውላችሁ ማጌን ዳቪድ አዶምን ጥሩ።