ጀርባን የማያይ ሕክምና

ጥር ሲገባ የአንበሳሜ ልብስ ሰፊዎች ፋታ የላቸውም። ሱሪ ላሳጥር ከአንዷ ቤት ጎራ ባልኩ ጊዜ አንዲት ልጅ የሚዜ ቀሚሷን ለብሳ ከመጋረጃው አልወጣ ብላለች። ቀሚሱ ከኋላ እስከ ወገብ የተከፈተ ነው፤ ሚዜዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚለብሱት። «እትዬ፣ ጀርባውን ይዝጉልኝ» ትላለች ከውስጥ። «ሙሽራዋ ክፍት ይሁን ብላለች እኮ፣ የኔ ልጅ» ይሏታል ልብስ ሰፊዋ። ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲያው ሚዜነቱም ይቅርብኝ» አለች። እውነትም ቀረባት፤ ቀሚሱ ለሌላ ልጅ ጠቦ ተሰጠ።

እሷ ከሄደች በኋላ ልብስ ሰፊዋ ያጫወቱኝ ነገር ነው ከዚህ ጉዳይ ውስጥ የከተተኝ። «ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ሳሳርፍ ሰብሰብ ካለች ጀርባዋ ላይ ብጉር እንዳለባት አወቅኩ ማለት ነው» አሉኝ። «ሰው ለሐኪም የማያሳየውን ለእኔ ያሳያል። ምን ያድርግ፣ ሳይለኩ አይሰፋ! አንዷ ዳንቴል ይቀጥሉልኝ ትላለች፤ አንዷ ጥበቡን ወደ ላይ ይሳቡልኝ ትላለች። በሚያዝያ ሙቀት ሹራብ ደርባ የምትመጣም አለች። አንዱ ደግሞ፣ ወንድ ልጅ ነው፣ ጥምቀት ላይ ጸበሉ ሲረጭ ሸሚዜ ተጣብቆ ይታይብኛል ብሎ ቤቱ ዋለ።»

ምን ይቀባሉ አልኳቸው። «ሁሉም ያችኑ ትንሽ ቱቦ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ጥርት ታደርጋለች። ልጅቱ ደስ ብሏት መጥታ ክፍት ይሁንልኝ ትላለች። ወራት ቆይታ ስትመለስ ግን እጄ አሸዋ የሚዳስስ ይመስለኛል። እንደገና ትቀባለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት እየተቀቡ በሽታ ሲብስ ግን አይቻለሁ።»

ያዩት ትክክል ነው። ቱቦዋ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን ነው። ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው፤ ክሎቤታሶል ደግሞ ከሚቀቡት ስቴሮይዶች ኃይለኛ ከሚባለው ምድብ ይመደባል። ሐኪም አይቶ ለኤክዚማ ወይም ለሶርያሲስ ለአጭር ጊዜ ሲያዘው ትልቅ መድኃኒት ነው። ብጉር ላይ ሲቀባ ግን መቅላቱንና እብጠቱን አፍኖ ይይዛል እንጂ የተደፈነውን ቀዳዳ አይከፍትም። ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል። መቀባቱ ሲቆም የታፈነው ብሶ ይመለሳል፤ ራሱ ስቴሮይዱም ደረትና ጀርባ ላይ መጠናቸው እኩል የሆነ ጥቃቅን ብጉር ያወጣል። ይህን በሐኪም ማዘዣ መሸጥ ያለበትን ቅባት ከአንድ መድኃኒት ቤት ገዝቻለሁ፤ ለማን ነው፣ ለምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

የጀርባ ብጉር ከንጽሕና ጉድለት የሚመጣ አይደለም። በጉርምስና ጊዜ አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ከጠጉር ሥር ያለችውን የቅባት ዕጢ ያነቃሉ። መርገፍ የነበረበት የቆዳ ቅርፊት ከቅባቱ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍናል። እዚያው ቆዳችን ላይ የሚኖረው ኩቲባክቴሪየም አክነስ የተባለው ባክቴሪያ በውስጡ ይራባል፤ ሰውነትም ይቆጣል። ፊታቸው ላይ ብጉር ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ደረታቸው ወይም ጀርባቸው ላይም አለባቸው። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ብጉሩ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ጥቁረት ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ሰዎች በድንጋይ የሚፈትጉትና ሎሚ የሚያሹበት ይህን ነው። መፈተጉ ጥቁረቱን ያብሰዋል፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ መውጣት ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል።

ብጉር የሚመስል ሁሉ ብጉር አለመሆኑም አለ። እኩል እኩል ሆኖ ጀርባ ላይ የሚፈላና የሚያሳክክ ከሆነ ማላሴዚያ የተባለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አንቲባዮቲክ ያባብሰዋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚወሰደው አይሶኒያዚድም፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያም ብጉር ሊያመጡ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚያውቅ ባለሙያ ልብስ አስወልቆ ማየት አለበት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ዕውቀቱ አለ፣ ጀርባችንን የሚያይ ባለሙያ ግን በቅርብ የለም።

ስለ ጀርባ ብጉር ዛሬ የምናውቀው ከየት መጣ ብዬ ሳገላብጥ አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ከተማ፣ ሆምስበርግ እስር ቤት ደረስኩ። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1974 እዚያ በታሰሩ ሰዎች ላይ ሙከራ ያካሂድ ነበር። አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ገና ፍርድ ያላገኙ ናቸው። በጥቂት ገንዘብ ጀርባቸውን ሰጡ፤ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ፣ ቅባትና ኬሚካል ተለጥፎበት፣ የፈላው እየታየ ይመዘገብ ነበር። ዳይኦክሲን የተባለው መርዝ የተቀቡም ነበሩ፤ እሱም ክሎራክኔ የተባለ ከባድ ብጉር የሚያወጣ ነው። ለብጉር እስከ ዛሬ የሚታዘዘው ትሬቲኖይን የክሊግማን ሥራ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ተፈቀደ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2021፣ የፊላዴልፊያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2022 ይቅርታ ጠየቁ። በመድኃኒቱ የዳነ ሰው ይህን ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የእኛን ሰው በሚመስል ጀርባ ላይ ተፈትኖ የተገኘ ዕውቀት ተመልሶ ወደ እኛ ጀርባ አልደረሰም።

ከዚያው ከክሊግማን ቡድን የወጡ ሁለት ጽሑፎች በቀጥታ አንበሳሜን የሚመለከቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመው የጠጉር ቅባት ግንባርና ጎን ላይ ብጉር እንደሚያመጣ አሳየ። እናቶቻችን ለጋ ቅቤ አናት ላይ ሲያደርጉ ቀልጦ በማጅራት ወደ ጀርባ እንደሚወርድ ማንም ያውቃል። ቅቤውን ይተዉ አልልም፤ ጀርባዋ የሚፈላባት ልጅ ግን አናቷን በሻሽ አስራ፣ ማጅራቷን ቶሎ ብትታጠብ ይበጃታል። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው ሁለተኛው ደግሞ ሙቀት፣ ጫናና መፋተግ ብጉርን እንደሚያባብሱ የሚያስረዳ ነው። የጀሪካን ገመድ፣ የአንቀልባ ጠፍር፣ የተማሪ ቦርሳ ማንገቻ ትከሻ ላይ የሚያርፉበት ቦታ ብጉሩ ከሚበረታበት ቦታ ጋር መግጠሙን ማየት ልኬት የሚወስድ ሰው አያቅተውም። «ግራ ትከሻዋ የባሰባት ውኃ ቀጂ ናት» ብለውኛል ልብስ ሰፊዋ፣ ገና ስለ ጽሑፉ ሳልነግራቸው።

ታዲያ ይህ ዕውቀት ወደ እኛ ለምን አልደረሰም? የአገራችን የቆዳ ሕክምና ያደገው በሥጋ ደዌ ዙሪያ ነው። አለርት የተባለው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965፣ ከጎኑ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970 የተመሠረቱት ለዚያ ነው፤ ብዙ ሰው ከአካል መጉደል አድነዋል። አካል የማያጎድል የቆዳ በሽታ ግን አሁንም እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። ከአንበሳሜ የቆዳ ሐኪም ፍለጋ መንገዱ ባሕር ዳር ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ነው የኖረው። ለጀርባ ብጉር ብሎ ማን ይነሣል?

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመድኃኒት ቁጥጥርን በዝርዝር ደንግጓል። ቅባቶቹ ያለ ማዘዣ መሸጣቸውን ማን እንደሚከታተል አንድ የቁጥጥር ኃላፊ ጠየቅሁ። ደብዳቤ ይዘህ ና አሉኝ፤ ይዤ ስሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ከዚያ በኋላ ስልካቸው አይነሣም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2018 አሥራ አራት የስቴሮይድ ቅባቶች ያለ ማዘዣ እንዳይሸጡ ከልክላለች። የዓለም ጤና ጉባኤም በግንቦት 2017 ዓ.ም. የቆዳ በሽታዎች የሕዝብ ጤና ቀዳሚ ጉዳይ እንዲሆኑ ወስኗል። ከዚህ በኋላ «ብጉር እኮ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሕክምናው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ከዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። ጀርባ ላይ ተቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መታጠብ ይቻላል፤ ቀለም ያለው ልብስ ስለሚያነጣ ጥበቡ ሳይለበስ፣ ነጭ ፎጣ ይዞ ነው። አዳፓሊን የተባለው ቅባት ማታ ማታ ይጨመራል። ካልበቃ ሐኪም ዶክሲሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ያዛል፤ ከሦስት አራት ወር እንዳያልፍ፣ ለብቻውም እንዳይሰጥ ይመከራል። ለውጥ ለማየት ሁለት ሦስት ወር መታገሥ ያስፈልጋል፤ ስቴሮይዱ የሚያሸንፈው በዚህ ትዕግሥት ማጣት ነው። ውስጥ ለውስጥ የሚቋጥር፣ ጠባሳው እንደ ገመድ የሚያብጥ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ባሕር ዳር መድረስ ይገባል። ለእንዲህ ዓይነቱ የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ያረገዘች ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት ያለ ሐኪም ክትትል ፈጽሞ መዋጥ የለባትም።

ያችን ቱቦ ለወራት የተቀባ ሰው ሲያቆም ጀርባው ለሳምንታት ሊብስበት ይችላል። ያ መድኃኒቱን መልሶ ለመግዛት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ቱቦውን አሳይቶ፣ ስንት ወር እንደተቀባ ተናግሮ፣ ሸሚዙን አውልቆ መታየት ነው።