የዱር እንስሳው ዋጋ ለማን ይድረስ?

አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ለአደን ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ሊምፖፖ ሄደ እንበል። የሚያርፈው በግለሰብ የዱር እንስሳት እርባታ ላይ ነው። የሚቀርብለት ሒሳብ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው በየቀኑ የሚታሰበው የመኝታ፣ የምግብ፣ የመኪና፣ ፈቃድ ያለው የአደን መሪና የዱካ ተከታይ ክፍያ ነው። ሁለተኛው በተገደለው እንስሳ ዓይነት ይሰላል፤ ለኢምፓላ ትንሽ፣ ለአጋዘን ከፍ ያለ፣ ለጎሽ ደግሞ እጅግ የበለጠ። በጥይት ቆስሎ ያመለጠ እንስሳም እንደተገደለ ተቆጥሮ ይከፈልበታል። እንግዶቹ ቀንዱንና ቆዳውን ይወስዳሉ፤ ሥጋው በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ከአንድ እንስሳ ገፋፊው፣ ቆዳ አልፊው፣ ምግብ አብሳዩና ሹፌሩ ሁሉ እንጀራ ያገኛሉ።

ይህን ገበያ ያጠናከረው ሕግ ነው። ቀድሞ የዱር እንስሳ ባለቤት አልነበረውም፤ ለከብት አርቢው አጋዘን ማለት የከብቱን ሣር የሚሻማ ባላንጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሕግ ግን መሬቱን በአግባቡ ያጠረ ሰው እንስሳው አምልጦ ቢወጣ እንኳ ባለቤትነቱን እንደማያጣ ደነገገ። ብዙ አርቢዎች ከብታቸውን ቀንሰው 2.4 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአገሪቱ ትልልቅ የዱር እንስሳት ቁጥር ኋላ ወደ 20 ሚሊዮን እንደደረሰ ይገመታል።

ንግዱ ግን ያለ አደጋ አይደለም። አጥር ውድ ነው፤ ድርቅም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ‹ሆራይዘን› የተባለ የጎሽ ኮርማ ሩብ ድርሻ በ44 ሚሊዮን ራንድ ተሸጠ፤ በዚህ ስሌት ሙሉ ዋጋው 176 ሚሊዮን ራንድ መሆኑ ነው። የትኛውም አዳኝ ይህን አይከፍልም፤ የሚገዛዙት አርቢዎች እርስ በርሳቸው ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ የመራቢያ እንስሳት ዋጋ አሽቆለቆለ። የመጨረሻው ገዢ የማይከፍለው ዋጋ ውሎ አድሮ መውደቁ አይቀርም።

ወደ አገራችን እንምጣ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን በባሌና በአርሲ ተራሮች ይኖራል። ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች የውጭ አዳኞች ብዙ ሺህ ዶላር ከፍለው ያድኑታል። በሕገ መንግሥታችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ የደቡብ አፍሪካን የግል አጥር እንዳለ መቅዳት አንችልም፤ አያስፈልገንምም። የሚበጀን የናሚቢያ ልምድ ነው። እዚያም የጋራ መሬቱ የመንግሥት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሻሻለው ሕግ ግን ነዋሪዎች ተደራጅተው በዱር እንስሳቱ የመጠቀም መብት እንዲያገኙና ከአደንና ከቱሪዝም የሚገኘውን ገቢ ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ፈቀደ።

ገብሱ በአጋዘን የሚበላበት ገበሬ ጉዳቱን ብቻ እየተሸከመ ጠባቂ ይሁን ማለት ፍትሕ አይደለም፤ አያዋጣምም። ጫካው ለእርሻ ሲመነጠር አጋዘኑም የዶላር ገቢውም አብረው ያልቃሉ። የፌዴራልና የክልል ባለሥልጣናት የአደን ገቢውን ድርሻ በግልጽ ሕግ ወስነው በቀጥታ ለአካባቢው ሕዝብ እጅ ያድርሱ፤ በየዓመቱም ምን ያህል እንደተከፈለ በይፋ ያሳውቁ።