እግሩ የከዳው ጫጩት

ዶሮዎ 21 ቀን ሙሉ ታቅፋ ከፈለፈለች በኋላ፥ ጫጩቶቹ ሁሉ በክንፏ ሥር ገብተው ሲንጫጩ አንዱ ብቻ ከቅርፊቱ አጠገብ በሆዱ ተዘርግቶ፥ እግሮቹም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተንፈራጥጠው ቢያገኙት ምን ያደርጋሉ? በየሰፈሩ የተለመደው መልስ «ተወው፤ ይኸ አይሆንም» የሚል ነው። የእናቲቱም ፍርድ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የተከተሏትን ይዛ ትነሣለች፥ ያልተከተላት ይቀራል። እርስዎ ግን አይቸኩሉ።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ ድካም ሁሉ በሽታ አለመሆኑ ነው። ጫጩት ቅርፊቱን መጀመሪያ ከሸነቆረበት ሰዓት አንሥቶ ፈጽሞ እስኪወጣ ድረስ አንድ ቀን ያህል ሊፈጅበት ይችላል። እንዲህ ደክሞ የወጣ ፍጥረት ለጥቂት ሰዓታት ቢንገዳገድ አያስደንቅም። ደግሞም የአስኳሉን ትራፊ ወደ ሆዱ ስቦ ስለሚወጣ፥ ሁለት ቀን ያህል ምንም ሳይቀምስ መቆየት ይችላል። የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ሆኖ በአውሮፕላን ከአገር ወደ አገር የሚጓዘው በዚሁ ስንቅ ነው።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ይኸን አላውቅም ነበር። በእንቁላሉ ውስጥ ሆኖ ለሚጮኸው ጫጩት አዝኜ ቅርፊቱን በጥፍሬ ላጥሁለት። በውስጥ ያለው የስሱ ሽፋን ደም ሥሮች ገና አልደረቁም ኖሮ ደም ፈሰሰ፤ ጫጩቱም እስከ ማታ አልቆየም። አያቴ አይተው «ማን አስቸኮለህ፥ ልጄ?» ከማለት በቀር አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የደካማ ጫጩት የመጀመሪያ መድኃኒቱ ሙቀት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያሻዋል፤ የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ በትንሽ ካርቶን ውስጥ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው በአንድ ወገን ያስቀምጡ። በአንድ ወገን መሆኑ፥ ሲሞቀው የሚሸሽበት ስፍራ እንዲኖረው ነው። አፉን ከፍቶ ካለከለከ ሙቀቱ በዝቶበታል፤ ሳያቋርጥ ከጮኸ በርዶታል ማለት ነው። ውሃው ሲበርድ በሌሊትም ቢሆን መለወጥ አለበትና፥ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ለዚህ ሥራ ጥሩ ሞግዚት ነው። የከሰል ምድጃ ግን በተዘጋ ክፍል ከቶ አይግባ፤ የማይታየው መርዝ ጫጩቱን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም ይገድላል።

ወደ እግሩ እንመለስ። እግር እንዲህ የሚንፈራጠጠው ብዙ ጊዜ ወለሉ ሲያዳልጥ ነው፤ ጋዜጣ ለማንበብ እንጂ ለጫጩት ምንጣፍ አይሆንም። ሻካራ ጨርቅ ያንጥፉለት። ከዚያም በቀጭኑ የተቆረጠ የቁስል ፕላስተር ወስደው፥ ከጣቶቹ ከፍ ብሎ ሁለቱን እግሮች እንደ ቀንበር ያገናኙ፤ በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ይተዉ፥ አያጥብቁትም። መጀመሪያ ይወድቃል፤ ከዚያ ይነሣል። በየቀኑ እየፈቱ ይመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይኸ ግን በተፈለፈለ በአንድ ሁለት ቀን ካልተጀመረ፥ አጥንቱ ከጠና በኋላ የሚረባው ጥቂት ነው።

ውሃ በአፉ አያፍስሱበት፥ ወደ ሳንባው ይገባል። የምንቃሩን ጫፍ ብቻ ለብ ባለ ውሃ ነክረው ይተዉት፤ ቆንጥረው ስኳር ቢጨምሩበት ኃይል ይሰጠዋል። የውሃው ዕቃ የጠርሙስ ክዳን ያህል ይሁን፤ ጥልቅ ከሆነም ጠጠር ይጨምሩበት፥ ደካማ ጫጩት በጣት ጥልቀት ውሃ ይሰጥማልና። ሲበረታ የተቀቀለ አስኳል ፈርፍረው፥ ቀጥሎም ጤፍና የተፈጨ በቆሎ ይስጡት። ኩስ በኋላው ከደረቀበት ለብ ባለ ውሃ አርሰው ያንሡለት እንጂ አይጎትቱት።

ነገር ግን ደካማው አንድ ሳይሆን ብዙ ከሆነ፥ ወይም ትልልቆቹም ዶሮዎች አንገታቸው እየተጣመመ ከወደቁ፥ ፈንግል ሊሆን ይችላልና ፕላስተሩን ትተው ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ። ጫጩት በነኩም ቁጥር እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሁሉን አድርገውለት በሦስተኛው ቀን ራሱን ቀና ማድረግና መጠጣት ያልቻለውን ደግሞ፥ ከዚያ በላይ ማሠቃየት ርኅራኄ አይደለም።

የዳነውን በቀን ወደ እናቱ አይመልሱት፤ እንደ ባዕድ ትነክሰው ይሆናል። ከመሸ በኋላ፥ መብራት ሳያበሩ፥ በእጅዎ ሸሽገው ከክንፏ ሥር ያስገቡት። ማለዳ ተነሥተው ከበሩ ሥር ጥቂት ቆመው ይመልከቱ፤ ጥሬ ስትጭርለት ካዩ ካርቶኑን ማንሣት ይችላሉ።