ውሃው ሙቀቱን ወዴት ይወስደዋል? በሞቃት አካባቢ ለጨዋታ ኮምፒውተር የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ስለ መምረጥ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ተማሪዎቼ ከክፍል ውጭ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ከፍተኛ ዐቅም ላለው የጨዋታ ኮምፒውተር የፈሳሽ ማቀዝቀዣ መግዛት ያዋጣል ወይ? እኔም ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ከዓመታት በፊት የእኅቴን ልጅ ሳላመዛዝን መክሬዋለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ቪዲዮ እያቀናበረ የሚተዳደር፣ ማታ ማታ ደግሞ ጌም የሚጫወት ወጣት ነው። ኮምፒውተሩ ከቀትር በኋላ እየጋለ ሲጠፋበት «ውሃ ይሻላል» አልሁት። የብዙ ወራት ቁጠባውን አውጥቶ ገዛ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውሎ «ጋሼ፣ እንዳሉኝ ውሃውን ገጠምኩለት፤ ዛሬም ጠፋብኝ» አለኝ።

ስሕተቴን ለመረዳት ከእንስራው እንጀምር። በቆላ አገር በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውሃ ከአካባቢው አየር ይልቅ እንደሚቀዘቅዝ ሁላችንም እናውቃለን። ምክንያቱ ውሃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየወጣ ስለሚተን ነው፤ የሚተነው ውሃ ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን በታሸገ ቱቦ የሚዞር እንጂ የሚተን አይደለም። ስለዚህ ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንሥቶ ወደ ሌላ ያደርሳል እንጂ ቅዝቃዜን አይፈጥርም። ከሚነፍስበት አየር በታች ሊቀዘቅዝም ፈጽሞ አይችልም።

መንገዱን እንከተል። ከፕሮሰሰሩ የሚወጣው ሙቀት በላዩ ወደ ተጣበቀው የመዳብ ሰሌዳ፣ ከዚያም ወደ ፈሳሹ ያልፋል። ፓምፑ ፈሳሹን ወደ ራዲያተሩ ይገፋዋል፤ በራዲያተሩ ላይ ያሉት ፋኖች ሙቀቱን ወደ አየር ይበትኑታል። የውሃ ብልጫ ተሸካሚነቱ ላይ ነው፤ በይዘት እኩል ቢሆኑ ውሃ ከአየር 3,500 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ሙቀት ይሸከማል። በዚህም ሙቀቱን ከጠባብ ቦታ አውጥቶ በሰፊ ራዲያተር ላይ ያሰፋዋል። የመጨረሻው ተረካቢ ግን ምንጊዜም የክፍሉ አየር ነው።

ከዚህ ቀላል ስሌት ይከተላል። አንድ ማቀዝቀዣ 200 ዋት የሚያመነጭ ፕሮሰሰርን ከአካባቢው አየር 50 ዲግሪ አስበልጦ የሚያቆየው ነው እንበል። አየሩ 22 ዲግሪ ሲሆን ፕሮሰሰሩ 72 ላይ ይቆማል፤ አየሩ 38 ሲሆን 88 ይደርሳል። ማቀዝቀዣው አልተበላሸም፤ መነሻው ነው ከፍ ያለው። ብዙ ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ክልል ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።

ሌላም ስሌት አለ። ወለሉ 4 በ4፣ ቁመቱ 3 ሜትር በሆነ ዝግ ክፍል ውስጥ 600 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር ቢሠራ፣ ግድግዳው ምንም ሙቀት ባይወስድ፣ የክፍሉ አየር በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ከአንድ ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ግድግዳውና መስኮቱ ስለሚያግዙ በተግባር ጭማሪው ዝግ ይላል፤ ሆኖም ኮምፒውተሩ ክፍሉን የሚያሞቅ ምድጃ መሆኑ አይቀርም።

ወደ እኅቴ ልጅ ቤት ቴርሞሜትር ይዤ ሄድሁ። ክፍሉ 37 ዲግሪ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን አቧራ እንዳይነካው በሚል በር ባለው የጠረጴዛ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ በሣጥኑ ውስጥ 46 ዲግሪ ለካሁ። ራዲያተሩ ያንኑ የጋለ አየር መልሶ መላልሶ ይስብ ነበር። ከሣጥኑ አወጣነው፤ ከግድግዳው አራቅነው፤ ከፊት የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ ፋን አስተካከልን። ከዚያ በኋላ አልጠፋም። ለማረጋገጥ የቀድሞውን የአየር ማቀዝቀዣ መልሰን ገጠምነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4 ዲግሪ ብቻ ሆነ። የልጁ ቁጠባ የገዛው ያንን 4 ዲግሪ ነበር።

ይህ ማለት የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። መመረጥ ያለበት ግን በቅደም ተከተል ነው።

አንደኛ፣ ከግዢ በፊት በቀኑ ሞቃት ሰዓት የክፍሉንም ወደ ኬዙ የሚገባውንም አየር ለኩ። ሁለቱ በብዙ ከተለያዩ መፍትሔው ያለው ከኬዙ አቀማመጥና ከአየር ፍሰቱ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የዕቃችሁን ዋት እወቁ። የኤኤምዲ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ የተመደበለት 120 ዋት ስለሆነ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ ይበቃዋል። የኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ ግን እስከ 253 ዋት ይደርሳል፤ ለእርሱ 360 ሚሊሜትር ራዲያተር ትርጉም አለው። 450 ዋት የተመደበለት አርቲኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ ደግሞ ትልቁ የሙቀት ምንጭ ካርዱ እንጂ ፕሮሰሰሩ አይደለም። የኃይል ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው፤ በጨዋታ ላይ የሚያሳጣው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው።

ሦስተኛ፣ አገጣጠሙን ተመልከቱ። የራዲያተሩ ጫፍ ከፓምፑ በላይ ይሁን፤ በቱቦው ውስጥ ያለ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ፓምፑ ላይ እንዳይጠራቀም ነው። ራዲያተሩን ከፊት መግጠም ለፕሮሰሰሩ ቀዝቃዛ አየር ይሰጠዋል፤ ለካርዱ ግን የሞቀውን ያስተላልፋል።

አራተኛ፣ ስለ ዕድሜው አስቡ። የአየር ማቀዝቀዣ ቢበላሽ የሚለወጠው ፋን ነው፤ ፋን ደግሞ በርካሽ ይገኛል። የታሸገ የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ፓምፑ ሲቆም ብዙውን ጊዜ በሙሉ ይጣላል። ክፍት ሥርዓት የምትሠሩ ደግሞ የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፤ ደለልና ዝገት ያመጣል። መዳብና አሉሚኒየምንም በአንድ ፈሳሽ አታገናኙ፤ አሉሚኒየሙ ይበላል። የራዲያተሩን ክንፎች ከአቧራ አዘውትሮ ማጽዳት ለሁሉም ግዴታ ነው።

የደጋ አድማጮቼም አይዘናጉ። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቅዝቃዜው ቢያግዝም ያው ፋን የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል።

የእኅቴ ልጅ በእኔ ምክር ስላወጣው ገንዘብ አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ልትገዛ አስበሃል?» የሚል ሳይሆን «ክፍልህ ስንት ዲግሪ ነው?» የሚል ሆኗል።