የንግግር ድርጊት በአጭር ልቦለድ ምልልስ

የንግግር ድርጊት ማለት አንድ ሰው በመናገሩ የሚፈጽመው ተግባር ነው። ማዘዝ፣ መለመን፣ ቃል መግባት፣ ማስጠንቀቅና ይቅርታ መጠየቅ የንግግር ድርጊቶች ናቸው። አጭር ልቦለድ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ታሪኩን ወደፊት የሚያራምደው የገጸ ባሕርያቱ ምልልስ ነው። ስለዚህ አንባቢ «ምን አለ?» ብቻ ሳይሆን «በመናገሩ ምን አደረገ?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅመዋል።

የሐሳቡ መነሻ

ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቀው የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጆን ኦስቲን ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰጣቸው ትምህርቶች ከሞተ በኋላ በ1962 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታትመዋል። ኦስቲን በአንድ ንግግር ውስጥ ሦስት ነገሮችን ለየ፦ የተባለውን፣ የተደረገውንና ያስከተለውን። ለምሳሌ የቤቱ ባለቤት «ውሻው ይናከሳል» ቢል፣ የተባለው ስለ ውሻ የተነገረ መግለጫ ነው፤ የተደረገው ማስጠንቀቅ ነው፤ ያስከተለው ደግሞ የእንግዳው ከደጅ መመለስ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሰርል ድርጊቶቹን በአምስት መደባቸው፦
• መግለጫ፦ ነገሩ እንዲህ ነው ማለት፤
• ማስደረግ፦ ማዘዝ፣ መጠየቅ፣ መለመን፤
• ግዴታ መግባት፦ ቃል መስጠት፣ መዛት፤
• ስሜትን መግለጽ፦ ማመስገን፣ ማዘን፤
• ማወጅ፦ መሾም፣ መሻር።

ቀጥተኛ ያልሆነ ድርጊት

የዓረፍተ ነገሩ መልክና የሚፈጽመው ድርጊት ሁልጊዜ አይገጥሙም። በአማርኛ «ቡናው ፈልቷል» መግለጫ ቢመስልም ለጎረቤት ከተነገረ ግብዣ ነው። የአክብሮት አጠራርም ድርጊት ይሆናል፦ ወዳጁን «አንተ» ሲል የኖረ ገጸ ባሕርይ በድንገት «እርስዎ» ቢለው፣ መቀየሙን ሳይናገር አሳውቋል።

ምሳሌ፦ የሄሚንግዌይ ታሪክ

የኧርነስት ሄሚንግዌይ «እንደ ነጭ ዝሆኖች ያሉ ኮረብታዎች» (1927 እ.ኤ.አ.) ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ምልልስ ነው። በስፔን፣ በኤብሮ ወንዝ ሸለቆ፣ አንድ አሜሪካዊና ጓደኛው ወደ ማድሪድ የሚሄደውን ባቡር ይጠብቃሉ። የሚነጋገሩት ስለ አንድ ሕክምና ነው። ስሙ አይጠራም፤ በአብዛኞቹ አንባቢዎች ዘንድ ግን ጽንስ ማስወረድ እንደሆነ ይታመናል።

ሰውየው ሕክምናው ቀላል እንደሆነ፣ እሷ ካልፈለገች ግን እንደማያስገድዳት ደጋግሞ ይናገራል። መልኩ መግለጫና ነጻነት መስጠት ነው፤ መደጋገሙ ግን ግፊት ያደርገዋል። እሷ ለራሷ ግድ ስለሌላት እንደምትፈጽመው ስትናገር ቃሉ የስምምነት፣ ድርጊቱ ግን የወቀሳ ነው። በኋላ ንግግሩን እንዲያቆም በግልጽ ትለምነዋለች። በመጨረሻ ተሽሏት እንደሆነ ሲጠይቃት ደህና ነኝ ትላለች፤ ይህም ስለ ጤንነቷ ከመንገር ይልቅ ወሬውን የሚዘጋ መልስ ነው። ውሳኔዋ ሳይነገር ታሪኩ ያልቃል፤ አንባቢው የሚፈርደው ከእነዚህ ድርጊቶች ተነሥቶ ነው።

የሐሳቡ ገደብ

ኦስቲን ራሱ በመድረክ ወይም በግጥም የሚነገር ቃል እንደ ተራ ንግግር እንደማይቆጠር ጽፏል። በልቦለድ ውስጥ የተገባ ቃል ደራሲውን አያስገድደውም። በታሪኩ ዓለም ውስጥ ግን ገጸ ባሕርይውን ያስረዋል፤ ቢያፈርሰውም ከሃዲ ያሰኘዋል።