ቤት ከመድኃኒት ይቀድማልን?
በደጋ ከተማ ውጭ ማደር፣ የሙቀት ሒሳብና የጤና ጥናቶች

ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,743 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚቀንስ ውድ አንባቢያን ከትምህርት ቤት ታስታውሳላችሁ። በዚህ ስሌት ጎባ ከባሕር ዳርቻ ቦታዎች በ18 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። በበጋ ወራት ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ምድር በቀን ያገኘችውን ሙቀት የሚመልስላት ደመና ስለሌለ፣ ንጋት ላይ የአየሩ ሙቀት ወደ 5 ዲግሪና ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል።

በእንዲህ ያለ ሌሊት በሱቅ በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው ጤና ምን ይሆናል? ቤት ቢያገኝስ ምን ይለወጣል? ይህ ጥያቄ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የበርካታ ጥናቶች ርዕስ ሆኗል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በሐኪሞችና በማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች ዘንድ ቢሆንም፣ ፊዚክስም በጉዳዩ ላይ የሚለው አለው።

የአንድ ሌሊት የሙቀት ሒሳብ

በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ የሚመገብ ሰው በአማካይ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያመነጫል። ሲተኛ ይህ መጠን ወደ 75 ዋት ይወርዳል። አካሉ ሙቀት የሚያጣው በዋናነት በሦስት መንገዶች ነው፦ ከቀዝቃዛው ሲሚንቶ ጋር በመነካካት፣ በነፋስና በጨረር።

ቀለል ያለ ሞዴል እንውሰድ። የቆዳ ሙቀት 33 ዲግሪ፣ የአየሩ 5 ዲግሪ፣ የአካሉ ስፋት 1.7 ካሬ ሜትር ይሁን። ሰውየው የለበሰው የዘወትር ልብስና አንድ ስስ ኩታ ነው። በዚህ ሁኔታ በየሰከንዱ 140 ጁል ያህል፣ ማለትም 140 ዋት ያጣል። ከሚያመነጨው 75 ዋት ጋር ስናነጻጽረው 65 ዋት ይጎድላል። አካሉ ይህን ጉድለት ባይሞላ ኖሮ የ55 ኪሎ ግራም ሰው ሙቀት በየሰዓቱ ከ1 ዲግሪ በላይ በቀነሰ ነበር። አካል ግን ዝም አይልም፤ የቆዳ ደም ሥሮችን ያጠብባል፣ በመንቀጥቀጥም ተጨማሪ ሙቀት ያመነጫል። በስምንት ሰዓት ውስጥ ይህን ጉድለት በሙሉ በመንቀጥቀጥ ለመሙላት 450 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልጋል። ይህም ከአንድ ቀን ሙሉ ምግብ ከአምስት እጁ አንዱን ይበልጣል። የጎዳና አዳሪው ሙሉ ምግብ የማያገኝ መሆኑን ስናስታውስ፣ ብርድ ማለት ረሀብ እንደሆነ እንረዳለን።

ልብስ በዝናብ ከራሰ ነገሩ ይብሳል፤ ውኃ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከአየር 24 ጊዜ ያህል ይበልጣልና። አረቄም አይጠቅምም። አልኮል የቆዳን ደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሰውየው የሞቀው እየመሰለው ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል።

አሁን ይኸው ሰው 14 ዲግሪ በሆነ ተራ ክፍል ውስጥ ገብቷል እንበል። ኪሳራው ወደ 100 ዋት ይወርዳል፤ አንድ ብርድ ልብስ ሲጨመርለት ገቢና ወጪው ይመጣጠናል። ማሞቂያ አላስፈለገም፤ ግድግዳ፣ ጣሪያና የሚዘጋ በር በቂ ሆኑ።

ከብርድ ወደ በሽታ

ብርድ የሚጎዳው በቀጥታ ብቻ አይደለም። ሰዎች እንዲሞቃቸው ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ ያላቸውን ልብስ ሁሉ ደራርበው ይለብሳሉ፣ ማጠቢያና መቀየሪያ ስለሌላቸውም ሳያወልቁት ይሰነብታሉ። ይህ በልብስ ስፌት ውስጥ ለሚኖረው ቅማል ምቹ መኖሪያ ነው። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ሲከሰት የኖረው ግርሻ፣ ማለትም የሚያገረሽ ትኩሳት፣ የሚተላለፈው በዚሁ ቅማል ነው። መድኃኒቱ ሕመምተኛውን ይፈውሳል፤ ሰውየው ወደዚያው ልብስና ወደዚያው በረንዳ ሲመለስ ግን የሚጠብቀው ያው ቅማል ነው።

የሳንባ ነቀርሳም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እንደ ጎባ ሁሉ ደጋማ በሆኑት በደሴና በደብረ ብርሃን ከተሞች ቤት አልባ ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ በአክታ ምርመራ 2.6 ከመቶ የሚሆኑት የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በአዋቂዎች ላይ ያገኘው መጠን ከ100,000 ሰዎች 108፣ ማለትም 0.1 ከመቶ ያህል ነበር። የተለመደው የነቀርሳ ሕክምና ስድስት ወራት ይፈጃል። አድራሻ የሌለውን ሕመምተኛ ለስድስት ወራት መከታተል ምን ያህል እንደሚከብድ ለመገመት አያዳግትም፤ መድኃኒት ሲቋረጥ ደግሞ መድኃኒት የለመደ ነቀርሳ ሊፈጠር ይችላል።

አእምሮና ጎዳና

በአገራችን ስለ ቤት አልባነትና ስለ አእምሮ ጤና ከተካሄዱት ጥናቶች መካከል ተጠቃሹ፣ አበባው ፈቃዱና የሥራ ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ 217 ጎዳና አዳሪ አዋቂዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ነው። ከተመረመሩት 41 ከመቶዎቹ ሳይኮሲስ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው፤ 60 ከመቶዎቹ አልኮልን ለጤና አስጊ በሆነ መጠን ይጠጡ ነበር። ሳይኮሲስ ከነበረባቸው መካከል በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ለሕመማቸው ሕክምና ያገኙት 10 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

ሕመም ሰውን ከቤቱ ያወጣል፤ ጎዳናም ሕመምን ያጸናል። የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ክብ በሚሆንበት ቦታ ከየት መጀመር ይሻላል?

መጀመሪያ ቤት

ለረጅም ጊዜ የተለመደው መልስ «መጀመሪያ ይታከም፣ መጠጥ ይተው፣ ከዚያ ቤት ይሰጠው» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ሳም ሴምበሪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በኒው ዮርክ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። ቤቱ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይሰጣል፤ ሐኪሙና ማኅበራዊ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ይመጣሉ። ድጋፍ ያለው መኖሪያ የሚባለው ይህ ነው።

ሐሳቡን በትልቅ ሙከራ የፈተነችው ካናዳ ናት። ከ2009 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በአምስት ከተሞች ከ2,000 በላይ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ቤት አልባ ሰዎች በዕጣ ተመደቡ፤ አንደኛው ወገን ቤትና ድጋፍ ሲያገኝ፣ ሁለተኛው በነበረው የተለመደ አገልግሎት ቀጠለ። በጥናቱ የመጨረሻ ስድስት ወራት ሙሉውን ጊዜ በቤት ያሳለፉት ከመጀመሪያው ወገን 62 ከመቶ፣ ከሁለተኛው 31 ከመቶ ነበሩ።

ይሁንና የአእምሮ ሕመም ምልክቶች በሁለቱም ወገኖች የተሻሻሉት በተቀራራቢ መጠን ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ግምገማም፣ ከኤችአይቪ ጋር ከሚኖሩ ሰዎች በስተቀር፣ ድጋፍ ያለው መኖሪያ በራሱ ጤናን እንደሚያሻሽል የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም።

ታዲያ ቤት ለጤና አይጠቅምም ማለት ነው? እንዲህ ብሎ መደምደም ሁለት ስሕተቶች አሉበት። አንደኛ፣ አስፈላጊ ሁኔታና በቂ ሁኔታ ይለያያሉ። ቤት ሳይኮሲስን አይፈውስም፤ መርፌውን በየወሩ የሚሰጠው ባለሙያ ሕመምተኛውን የሚያገኘው ግን በታወቀ ቦታ ሲኖር ነው። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ሙከራ የሚመዘነው ከማነጻጸሪያው ወገን አንጻር ነው። በካናዳ ማነጻጸሪያው ወገን የሌሊት መጠለያና ክሊኒክ ነበረው፤ በጎባ የበረንዳ አዳሪው ማነጻጸሪያ ከላይ ያሰላነው 5 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የውጭውን ውጤት ሳንመረምር መቀበልም ሆነ መጣል አይገባንም።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ምናልባት የሕንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በቼናይ የተመሠረተው ባንያን የተባለ ድርጅት፣ ለረጅም ጊዜ በተቋም የቆዩ የአእምሮ ሕሙማን አራትና አምስት ሆነው በተራ ሰፈር ውስጥ በኪራይ ቤት እንዲኖሩ ያደርጋል፤ አንዲት ደጋፊም አብራቸው ትውላለች። በአገራችንም በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው ሜቄዶንያ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንስቶ በማኖር ይታወቃል። አንዱ ትልቅ ማዕከል፣ ሌላው ትንንሽ ቤቶች ናቸው፤ የትኛው ለየትኛው ሰው እንደሚሻል ማወዳደር ጥሩ የምርምር ርዕስ ነው።

የቤት ቁጥር

በአገራችን ቤት ከሙቀት ሌላ የሚሰጠው ነገርም አለ፦ ቁጥር። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት በተለምዶ የቤት ቁጥር ይጠየቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባልነት የሚመዘገበው በአባወራና በእማወራ ነው፤ መክፈል የማይችሉ ድሆችም ቢሆኑ የሚመረጡት በቀበሌያቸው በኩል ነው። እድርም የሰፈር ነው። ስለዚህ ቤት ያጣ ሰው ከጣሪያው ጋር ለሌሎቹ ድጋፎች ሁሉ በር የሚከፍተውን አድራሻም ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በጎዳና ላይ ላሉ ሰዎች የተለየ ድጋፍ ያካተተውም ይህ ክፍተት ስለታየ ነው።

በጎባ ሪፈራል ሆስፒታልና በሮቤ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሐኪም፣ ነርስ፣ መሐንዲስና የፊዚክስ ተማሪ በአንድ አካባቢ ተሰባስበዋል። ሥራውን ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የፊዚክስ ተማሪ በአንድ ቴርሞሜትር የበረንዳንና የጭቃ ቤትን የሌሊት ሙቀት ለአንድ ወር መዝግቦ ከላይ ያለውን ሞዴል ሊፈትን ይችላል። የምሕንድስና ተማሪ ለአራት ሰው የሚሆን፣ ያለ ማሞቂያ 14 ዲግሪ የሚጠብቅ ርካሽ ክፍል ሊነድፍ ይችላል። የጤና ተማሪ ደግሞ ከሆስፒታል ለሚወጣ ሕመምተኛ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሊጨምር ይችላል፦ «ዛሬ ማታ የት ያድራሉ?» መልሱ ከመድኃኒቱ ስም አጠገብ ቢጻፍ፣ መድኃኒቱ ይሠራ ወይም አይሠራ እንደሆነ አስቀድሞ ይነግረናል።